ካርዷ የቀደማት ሴት

ጅማ ከተማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ባለው ጠባብ መንገድ የሚኖሩ ሰዎች ለጢፋ መሐሙድን ከመልኳ ይልቅ በእጆቿ ያውቋት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቡና ማበጠሪያው አዳራሽ ተቀምጣ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው፣ የተበሳውን ከሙሉው ስትለይ ስለኖረች፣ ጣቶቿ ሥራ ፈትቶ መቀመጥን ፈጽሞ ረስተውታል። ለቅሶ ቤት በተቀመጠች ጊዜ ከምንጣፉ ላይ ጉድፍ ትለቅማለች። በቀበሌ ስብሰባ ስለ ዓለም ሠርቶ አደሮች ረጅም ንግግር ሲደረግ፣ እሷ ከእግሯ ሥር ያለውን ጠጠር ነጩን ለብቻ፣ ቀዩን ለብቻ ታደርጋለች። የሥራ ጓደኞቿ ይቀልዱባት ነበር፤ መልአከ ሞት የመጣ ቀን እንኳ “ቆይ፣ ይህችን ሰፌድ ልጨርስ” ትይዋለሽ እያሉ። ለጢፋ አብራቸው ትስቃለች፤ ጣቶቿ ግን ያንጊዜም አያርፉም።

ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ልጅ አልወለደችም። በሥጋ የምትዛመዳት አንዲት ታናሽ እህት ብቻ ነበረቻት፤ እሷም ዘሀራ ትባላለች። ዘሀራ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አብዱልፈታሕ የሚባል የባቡር መካኒክ አግብታ ወደ ድሬዳዋ ሄደች። አብዱልፈታሕ በትውልዱ የጅቡቲ ሰው ነው፤ ለአንድ ቡና ነጋዴ የተበላሸ ሞተር ሊጠግን ጅማ በመጣ ጊዜ ነበር ዘሀራን ያያት። ለጢፋ ጋብቻውን አልወደደችውም። አገሩ አይታወቅም፣ ዘሩ አይታወቅም፣ እጁ ከግራሶ አይጸዳም አለች። ወላጆቻቸው ሞተው ስለነበር የቤቱ ታላቅ እሷ ነበረች፤ ቃሏም ይከበራል ብላ አምና ነበር።

በእነ ለጢፋ ቤት ልማድ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ያለ ቡና ቀላ አይሸኝም። ቡና ቀላ ከነገለፈቱ በቅቤ የተጠበሰ ቡና ነው። የቤቱ ታላቅ ሦስት ፍሬ በመንገደኛው መዳፍ ላይ ያኖራል፤ መንገደኛው እያኘከ ሳለ ታላቁ እጆቹን ዘርግቶ ዱዓ ያደርግለታል፤ በዙሪያው የቆሙት አሚን ይላሉ። ዘሀራ በሄደችበት ጧት ግን ለጢፋ በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ቀረች። ዘሀራ አንኳኳች፤ ጠበቀች፤ ደግማ አንኳኳች፤ ከዚያ የእግሯ ድምፅ ራቀ። ዘሀራ በድሬዳዋ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱንም በሕፃንነታቸው ቀበረች። ለጢፋ ይህን በደብዳቤ በሰማች ቁጥር ያችን በር ታስባለች፤ ማሰቧን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

በደርግ ዘመን፣ መንግሥቱ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ በጥር ወር ማጅራት ገትር ጅማና አካባቢዋ ገባ። ገበያ ተዘጋ፤ የለቅሶ ድንኳን መትከል ተከለከለ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ቆመ። ክትባት ለወሰደ ሰው ስሙ፣ ቀበሌውና ጾታው የተጻፈበት ቢጫ ካርድ ይሰጠዋል፤ ፎቶግራፍ ግን አልነበረውም። በቡና ከተሞቹ መካከል፣ በየቡ፣ በአጋሮና በጌራ መንገድ የሚመላለስ ሰው በኬላው ላይ ካርዱን አስረክቦ ቁጥር ያለባት ቁራጭ ወረቀት ይቀበላል፤ ሲመለስ ቁራጯን ሰጥቶ ካርዱን ይወስዳል። ይህ የታሰበው ሰው እንደ ወጣ እንዳይቀርና በሽታው ከከተማ ከተማ እንዳይዛመት ነበር።

በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ፤ የታማሚው ቁጥርም ቀነሰ። አውቶቡሱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ሐሙስ፣ ካርድ ላላቸው ብቻ እንዲሄድ ተፈቀደ። በዚያው ሳምንት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ለጢፋ ከዘሀራ ደብዳቤ ደረሳት። አብዱልፈታሕ ጡረታ ወጥቷል፤ ወደ ትውልድ አገሩ ሊመለስ ነው። ከጥር ጀምሮ ያቆማቸው በሽታው ነበር፤ አሁን ግን ባቡሩ ድንበር መሻገር ስለጀመረ በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ጧት ይሄዳሉ። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ዘሀራ፣ “ከዚያ ወዲያ እንግዲህ በአኼራ ነው” ብላ አስጽፋ ነበር።

ለጢፋ ደብዳቤውን ላነበበላት የጎረቤት ልጅ መልሳ ሰጥታ ደግሞ እንዲያነብላት ጠየቀችው። የሰማችው ትክክል ነበር። በዚያ ዘመን ከአገር መውጫ ፈቃድ ማግኘት ለባለሥልጣን እንኳ ቀላል አልነበረም፤ ለአንዲት ቡና ለቃሚ ደግሞ የማይታሰብ ነው። መንገዱ መከፈቱ እሷን ወደ እህቷ ሊያደርሳት ይችላል፤ ያው መከፈቱ እህቷን ይወስዳታል። የቀራት ስምንት ቀን ነው። ተነሥታ ቆመች፤ ተቀመጠች፤ እንደገና ተነሥታ ካርዷን ታስቀምጥበት የነበረውን የቆርቆሮ ሣጥን ከፈተች። ሣጥኑ ውስጥ ካርድ አልነበረም። እንደሌለ ከመክፈቷ በፊትም ታውቅ ነበር።

ሄርማታ ውስጥ የማይዋዋሱት ነገር የለም። ወንፊት ይዋዋሳሉ፤ ለሠርግ ጫማ ይዋዋሳሉ፤ አልጋ እንኳ ለእንግዳ ከቤት ቤት ይሄዳል። የለጢፋ የግድግዳ ጎረቤት ብርሃንነሽ በርበሬና ጨው የምትነግድ፣ ከሸዋ የመጣች ክርስቲያን ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት አጋሮ የሚኖሩት እናቷ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ብርሃንነሽ ከታቢዎቹ በመጡ ቀን መርፌ ፈርታ ተደብቃ ስለነበር ካርድ አልነበራትም። ለጢፋም ካርዷንና ሻሽዋን አንድ ላይ አውሳት ሰደደቻት፤ ነገሩን ከወንፊት ለይታ አላየችውም። ብርሃንነሽ በሁለት ቀን እመለሳለሁ ብላ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ለጢፋ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዳ ካርዷ እንደጠፋባት ተናገረች። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስሟን አገኘው፤ መከተቧም እውነት ነው አላት። አዲስ ካርድ ግን ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ዐሥር ቀን ካልሞላው አይሠራም፤ ደንቡ ያው ነው አለ። ለጢፋ ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች፤ እንደገና ቆጠረች። እህቷ እስክትሄድ ሰባት ቀን ነው፤ ሦስት ቀን ጎደለባት። እሑድ ከቤት ወደ መስጊድ አጥር፣ ከመስጊድ አጥር ወደ ቤት ስትመላለስ ዋለች፤ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወደ የቡ በሚሄድ የቡና ጭነት መኪና ላይ ከኬሻ ክምር መካከል ተደብቃ ወጣች። የሰኞው አውቶቡስ ያለ እሷ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ የቀራት የሐሙሱ ብቻ ነው።

ከየቡ በእግሯ ሄዳ የአጋሮ ኬላ ስትደርስ፣ በገመዱ አጠገብ ሰው ተሰልፎ ነበር። ለጢፋ ያሰበችው ቀላል ነገር ነው፤ ካርዴ እናንተ ዘንድ አለ፣ ስጡኝ ልትል ነው። ወደ ፊት በቀረበች ጊዜ ግን በእንጨቱ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንድ ሰው ለጓደኛው ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰማች፤ ካርድ ያዋሰም የተዋሰም አብረው ይታሰራሉ፣ ካርዱም ይቀደዳል ይላል። እግሯ ቆመ። ያንጊዜ ገመቹ የሚባለው ወጣት አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ ከጎጆው ወጣና፣ ጊዜያቸው ያለፈ መንገደኞችን ስም ከመዝገብ ይጠራ ጀመር።

“ለጢፋ መሐሙድ፣ ሄርማታ” አለ። “ሃያ አንድ ቀን። አጋሮ ገብታ የቀረች ናት። የሚያውቃት አለ?”

አቤት የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሰልፈኛው እርስ በርሱ ተያየ፤ አንዲት ሴት ምናልባት ሞታ ይሆናል አለች፤ ሌላው አግብታ ይሆናል አለ። ለጢፋ ስለ ራሷ የሚባለውን ሁሉ ቆማ ሰማች። በመዝገቡ መሠረት እሷ አሁን አጋሮ ውስጥ ናት። ከኬላው ውጭ፣ በጅማ በኩል ስለቆመች ማንነቷን መናገር አትችልም፤ መናገር የምትችለው ከአጋሮ ወጥታ የመጣች እንደሆነ ብቻ ነው። ቀስ ብላ ከሰልፉ ወጣች፤ ዕቃ የረሳች ሰው መስላ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ መታጠፊያው ሲጋርዳት መንገዱን ለቅቃ ወደ ቡናው ጫካ ገባች።

ቡናው አብቦ ነበር። ከዝናቡ በኋላ ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ ለጢፋ ግን የቡናን መጨረሻ እንጂ መጀመሪያውን ብዙ አይታ አታውቅም። በከተማ ጫማዋ እየተንሸራተተች፣ ጥላዋን እንደ ምርኩዝ ይዛ፣ ሦስት ጊዜ ወደ አንድ ዋርካ ተመለሰች። በሦስተኛው ላይ ደሬሳ የሚባሉ ሽማግሌ ከዛፉ ቀፎ ሰቅለው ሲወርዱ አገኟት። ወዴት እንደምትሄድ ጠየቋት።

“አጋሮ” አለች።

“አጋሮማ ሰፊ መንገድ አለው፤ ኬላም አለው። ከኬላው የሸሸሽ ታማሚ ነሽ እንዴ?”

“አይደለሁም፣ አባቴ። ተከትቤአለሁ። ካርዴ ነው ቀድሞኝ የገባው።”

ደሬሳ ነገሩን አንድ ጊዜ አስደገሟት። ሲገባቸው ሳቃቸው አላስቆም ብሏቸው በዛፉ ሥር ተቀመጡ። ስንት ዘመን ኖሬ ሰው ራሱን ፍለጋ ጫካ ሲገባ አላየሁም አሏት። ከዚያ አፈራቸውን አራግፈው ተነሡና “ኮቱ፣ ነይ እስቲ” ብለው ቀደሟት። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከአጋሮ በስተጀርባ ባለው ቁልቁለት አወረዷት። ገንዘብ ብትዘረጋላቸው አልተቀበሏትም፤ ስትመለሺ ካርድሽን እንዳትረሺው ብቻ አሏት።

ብርሃንነሽ በእናቷ ደጃፍ በርበሬ ስታሰጣ ነበር። ለጢፋን ስታይ መጀመሪያ ደስ አላት፤ ቀጥሎ ደነገጠች።

“ለጢፌ፣ በምን ገባሽ?”

“በጫካ። አንቺ በእኔ ስም በመንገድ ገብተሻል፤ ለእኔ የቀረልኝ ጫካው ነው።”

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር። ብርሃንነሽ ቁጣ ስትጠብቅ ለጢፋ የዘሀራን ደብዳቤ ነገረቻት። ብርሃንነሽ ሰምታ ስትጨርስ ወደ ውስጥ ገብታ፣ ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረችውን ቁራጭ ወረቀት ፈትታ አመጣችላት። እናቷ ገና ከአልጋ አልተነሡም፤ ወረቀቷን ከሰጠች ኬላው እስኪነሣ ድረስ አጋሮ ልትቀር ነው፤ ጅማ ያለው በርበሬዋም ሳይሸጥ ሊነቅዝ ነው። ይህን ለጢፋም ታውቃለች። ወረቀቷን ስትቀበል ዓይኗን ወደ ሌላ አደረገች። ብርሃንነሽ ግን፣ መርፌውን ፈርቼ ያመጣሁት ጣጣ ነው፤ ለእኔ አትዘኝ አለቻት። ሌላም አንድ ነገር ነገረቻት፦ በገባችበት ቀን ጠባቂው አሰላሙ ዓለይኩም ቢላት፣ እሷ በድንጋጤ እግዚአብሔር ይመስገን ብላዋለች።

ያንን ከሰማች በኋላ ለጢፋ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በጧት ኬላው ላይ ተሰልፋ ቆመች። ገመቹ ሰላምታ ሰጣት፤ በልማዷ መለሰች። ቁራጯን ተቀብሎ ከመዝገቡ ጋር አስተያየ፤ እሷንም አስተያየ።

“ለጢፋ መሐሙድ እርስዎ ነዎት? ስጠራዎ ሰነበትኩ።”

“የታመሙ እናት ስናስታምም ነው፣ ልጄ” አለች። የማን እናት እንደሆኑ ስላልጠየቃት አልዋሸችም።

“ሲገቡ ሰላም ብልዎ እግዚአብሔር ይመስገን ብለውኝ ነበር። ቁመትዎም ዘለግ ያለ ነበር። ዛሬ ወዓለይኩሙ ሰላም አሉኝ።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አጋሮ በሦስት ሳምንት እንዲህ ታደርጋለች?”

ለጢፋ ጣቶቿ ከገመዱ የወጣውን ክር ሲለቅሙ አየቻቸውና ልታስቆማቸው ሞከረች። “አጋሮ ደግ ከተማ ናት” አለች።

ገመቹ የመዝገቡን ገጽ ወደ ኋላ ገልጦ መልሶ ወደ ፊት ገለጠ። ከኋላዋ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። በመጨረሻ “ተመልሳለች” ብሎ በመዝገቡ ላይ ጻፈና ካርዱን ከሣጥኑ አውጥቶ ሰጣት። “ይሂዱ፣ አዴ፣ እናቴ። ይህ ካርድ ግን ከእንግዲህ ከእጅዎ እንዳይወጣ።”

ከእጇ እንዳይወጣ የሚሆንበትን ዘዴ መንገዱን ሙሉ ስታስብ ነበር። ረቡዕ ከቀበሌው መሸኛ ከተቀበለች በኋላ ቡና ቀላ አዘጋጅታ በትንሽ ቅል ውስጥ ጨመረች። ቅሉን በጨርቅ ጠቀለለች፤ በጨርቁ እጥፋት ኪስ ሰፍታ ካርዱን ከተተችበት፤ አፉንም በመርፌ ቁልፍ ዘጋችው። ከቅሉ ለአፍታም እንደማትለይ ታውቃለች፤ እንግዲህ ከካርዱም አትለይም። በሐሳቧ ተደሰተች።

ሐሙስ ጧት በአውቶቡሱ ወጣች። በየኬላው ጨርቁን እየፈታች ካርዱን ታሳያለች፤ መልሳ ትከተዋለች። ጊቤ አካባቢ ቡና ፈታሾች ቅሉን አገኙ። ቡና ከክፍለ ሀገሩ ማውጣት ክልክል ነው አለ አንደኛው፤ ሁለተኛው ይህ ቅቤ ነው እንጂ ቡና አይደለም አለ። ሁለቱ በመከራከር ላይ ሳሉ ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ፤ ፈታሾቹ አንዳንድ ፍሬ ቀምሰው መለሱላት። ለጢፋ የቀረውን በዓይኗ ቆጠረች። ሦስት ፍሬ ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ ቢሆንም ልቧ እስኪረጋ ብዙ ሰዓት ወሰደባት።

ባቡር በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለገሃር ስትደርስ ይህ ሁሉ ብረት በሁለት ቀጭን ሐዲድ ላይ መቆሙን ማመን አቃታት። በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ መቀመጫው ቁጥር የለውም፤ ለቀደመ ነው። በየአግዳሚው ላይ ግን በኖራ መስቀለኛ ምልክት የተደረገበት ቦታ ነበር፤ እዚያ ላይ መቀመጥ ገና አልተፈቀደም። መስኮት መዝጋትም ክልክል ነው፤ አቧራው እንደ ልቡ ይገባል። ለጢፋ በመስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። ከፊት ለፊቷ ጎሳዬ የሚባሉ፣ ጨርቅ ሊገዙ ድሬዳዋ የሚሄዱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሰዎቹ ለሦስት ወር ያልተናገሩትን ሁሉ በአንድ ቀን ሊጨርሱት የፈለጉ ይመስሉ ነበር፤ አንድ ሰው ሲያስል ግን ፉርጎው በሙሉ ዝም ይላል።

ሞጆ ሳይደርሱ ለጢፋ አራት ጊዜ ተነሥታ ተቀምጣ ነበር። ጎሳዬ ቁንጫ ነው ወይስ ሐሳብ ብለው ጠየቋት። ነገረቻቸው፤ እህቷ ነገ ጧት በሚነሣው ባቡር ወደ ጅቡቲ እንደምትሄድ፣ እሷ ከዚያ በፊት መድረስ እንዳለባት፣ የጅቡቲው ባቡር እንዳይቀድማትም መፍራቷን ነገረቻቸው።

“የሚቀድምዎትማ የለም” አሉ ጎሳዬ። “እህትዎን የሚወስዳት ይኸው የተቀመጥንበት ባቡር ነው። ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ቆሞ እሱው ይቀጥላል።”

መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ አለች። ከዚያ ሐሳቡ ቀስ እያለ ገባት። ሊያገናኛት የሚበረው መንኮራኩር እህቷን ለመውሰድም ነው የሚበረው። ባቡሩ ሲዘገይ መድረስ ናፈቃት፤ ሲፈጥን ምነው ቀስ ባለ አለች። ከአዳማ በኋላ ሜዳው ሲመጣ፣ አዋሽን ሲሻገሩ፣ ጨለማው ወርዶ ሰው ሁሉ አንገቱን ጥሎ ሲተኛ፣ እሷ ከሁለቱ ምኞቶች አንዱንም መምረጥ አቅቷት ነበር። በጉልበቷ ላይ ባለው ጨርቅ ላይ ጣቶቿ የሌለ ፍሬ ሲለቅሙ አደሩ።

ንጋት ላይ ድሬዳዋ ገቡ። በጣቢያው ላይ የሦስት ወር መንገደኛ ተከማችቶ ነበር። ለጢፋ ጎሳዬን ለጥቂት ጊዜ ቦታዬን ይጠብቁልኝ አለቻቸው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቋትም፤ እግራቸውን በመቀመጫዋ ላይ ዘርግተው ቀሩ። ወረደችና ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የሄደችውን ወጣት ሴት ልትፈልግ ጀመረች፤ በዓይኗ ውስጥ የቀረችው ያች ነበረችና። ሁለት ጊዜ ዘሀራን አልፋት ሄደች። በሦስተኛው አንዲት ወፍራም፣ መነጽር ያደረገች ሴት ክንዷን ያዘቻት።

“እጅሽን አይቼ ነው ያወቅሁሽ” አለች ዘሀራ።

ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ዘሀራ ስለ መንገዱ ጠየቀች፤ ለጢፋ ደህና ነው አለች። ለጢፋ ስለ ሻንጣዎቹ ብዛት ተናገረች፤ ዘሀራ ጥቂቶች ናቸው አለች። በግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ ሰዓት ሩቡን አልፎ ነበር። በስተኋላ ሐጂራ የምትባል የዘሀራ ጎረቤት የባዶውን ቤት ቁልፍ በጣቷ አንጠልጥላ ቆማለች፤ ሰኞ ለቀበሌው የምትመልሰው እሷ ናት። አብዱልፈታሕ ከዕቃው አጠገብ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ወደ ለጢፋ ለመቅረብ ያልተፈቀደለት ይመስላል።

“ያን ቀን አንኳኩቼ ነበር” አለች ዘሀራ በመጨረሻ። “ቤት አልነበርሽም ይሆን እያልኩ ስንት ዓመት።”

“ነበርኩ። ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነበር። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር።”

ዘሀራ ራሷን ነቀነቀች። የምታውቀውን ነገር ከሚያውቀው ሰው አፍ መስማት የፈለገች ትመስል ነበር። ለጢፋ ቅሉን ከፍታ ሦስት ፍሬ በእህቷ መዳፍ ላይ አኖረች። ዘሀራ አንዱን ወደ አፏ ከተተች። ለጢፋ እጆቿን ዘረጋች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያዘጋጀችው ዱዓ ግን ከመካከሉ ጠፋባት። መንገድሽን ያቅናው፣ ከክፉ ይሰውርሽ ካለች በኋላ የሚቀጥለውን ብታጣው፣ ያለችውን ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሐጂራ በየጊዜው አሚን አለች። ከሩቅ ደግሞ አንድ ወፍራም ድምፅ አሚን ሲል ተሰማ።

ለጢፋ ዞር ብላ አየችው። “ና እንጂ፣ አብዱልፈታሕ” አለች። “አንተም መንገደኛ ነህ።”

አብዱልፈታሕ ቀረበ። መዳፉን ከመዘርጋቱ በፊት በሱሪው ላይ ሁለት ጊዜ ጠረገው፤ ግራሶ ግን አልነበረበትም። ሦስት ፍሬ ሰጠችው።

ፊሽካው ሲነፋ ሰዉ ወደ ፉርጎዎቹ ተንጋጋ። ለጢፋ የእህቷን እጅ ይዛ፣ በክርኗ እየገፋች፣ ጎሳዬ እግራቸውን ወደ ዘረጉበት መስኮት አደረሰቻት። ጎሳዬ ተነሥተው የሁለቱንም ቦታ ለቅቀው ወረዱ። “እዚህ ተቀመጪ። የእኔ ቦታ ነው፤ ገና አልቀዘቀዘም” አለቻት። አብዱልፈታሕም ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ለጢፋ ወርዳ በመስኮቱ በኩል ቅሉን እንደ ተጠቀለለ አቀበለቻት፤ የቀረውን በመንገድ ብሉት አለች። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ጥቂት እርምጃ አብራው ሄደች፤ ከዚያ ሐዲዱ ጠመዘዘና መስኮቱ ጠፋ።

በመውጫው በር ላይ ነጭ ልብስ የለበሰች የጤና ሠራተኛ ካርድ ትመለከታለች። ለጢፋ ተራዋ ሲደርስ በልማዷ እጇን ወደ ጎኗ ሰደደች፤ ጎኗ ላይ ቅል አልነበረም። ጣቶቿ በባዶው አየር ውስጥ ጨርቁን ፈለጉት። ወደ ሐዲዱ ዞር ብላ አየች።

“ካርድዎ የታለ፣ እናቴ?”

“ሄደ” አለች ለጢፋ።

“ወዴት?”

“ጅቡቲ።”

ሐጂራ እንግዳዬ ናት፣ ቁልፉም እኔ ዘንድ ነው፣ ቤት አላት እያለች ልታስረዳ ሞከረች። የጤና ሠራተኛዋ ግን ያለ ኃላፊው ማሳለፍ አልችልም አለች፤ አግዳሚውን አሳየቻቸው። ተቀመጡ። ለጢፋ ባቡሩ አሁን የት እንደ ደረሰ፣ ዘሀራ ከሦስቱ ፍሬ የመጨረሻውን አኝካው እንደሆነ ወይስ እንደያዘችው፣ ከዱዓው የጠፋባት ቃል ምን እንደነበር ታስብ ነበር፤ ቃሉም ያንጊዜ፣ ዘግይቶ፣ ትዝ አላት። ወደ ሐዲዱ በኩል በከንፈሯ ብቻ አለችው።

ኃላፊው መጥተው በፊቷ ቆሙ። ያለ ካርድ ከጅማ ድረስ እንዴት እንደ መጣች ጠየቋት። ለጢፋ ከእግሯ ሥር ካለው ጠጠር ነጩን ከቀዩ መለየት ጀምራ ነበር።

“ነገሩ ረጅም ነው፣ ጌታዬ” አለች፣ ጣቶቿን ሳታነሣ። “የሚጀምረው ከአጋሮ ኬላ ነው።”